ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ፦ ስርቆት «ከባድ» የሚባለው ከስንት ዶላር ጀምሮ ነው? ዋጋውስ እንዴት ይቆጠራል?

ሰብለ ከፎልስ ቸርች

ሰላም ለሁላችሁ። ለአዲስ ገቢዎች የሚታደል ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው፤ አንዱ ክፍል ስለ ስርቆት ክስ ነው። ሰው ሁሉ «ከ1,000 ዶላር በታች ቀላል ነው፣ ከዚያ በላይ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ነው» ይላል። እንዲህ በአንድ መስመር ማለፍ አልዋጥልሽ ስላለኝ ሕጉን የምታውቁ ብታግዙኝ።

ዋጋ ሲባል የቱ ነው? ሱቁ የለጠፈው፣ በቅናሽ የሚሸጥበት፣ ወይስ ታክስ ተጨምሮ? ያገለገለ ስልክ ቢሆንስ? በተለያየ ቀን የተወሰዱ ዕቃዎች ይደመራሉ? ሁለት ሰዎች አብረው ቢያዙስ? ሜሪላንድና ዲሲ ከቨርጂኒያ ይለያሉ? ደግሞ ግሪን ካርድ ላለው ሰውና ለጥገኝነት ጠያቂ መስመሩ እዚያው 1,000 ዶላር ላይ ነው?

ጳውሎስ ፌርፋክስ

እህት ሰብለ፣ በአንድ መስመር አለማለፍሽ ደግ አደረግሽ። የቨርጂኒያውን እኔ ልጻፍ።

ዋናው ድንጋጌ አንቀጽ 18.2-95 ነው። የዕቃው ዋጋ 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግራንድ ላርሰኒ፣ ማለትም ከባድ ስርቆት ነው። ልክ 1,000 ራሱ ፌሎኒው ውስጥ ይገባል፤ 999.99 ፔቲት ላርሰኒ፣ ማለትም ቀላል ስርቆት ነው። መስመሩ ከ1980 ጀምሮ ለ38 ዓመት 200 ዶላር ላይ ቆሞ ነበር። ጁላይ 1 ቀን 2018 ወደ 500፣ ጁላይ 1 ቀን 2020 ወደ 1,000 ከፍ አለ። የቆዩ ጽሑፎች አሁንም 200 ወይም 500 ይላሉና እነሱን እንዳትገለብጡ። ግራንድ ላርሰኒ ከ1 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ ዳኛው ወይም ጁሪው ከፈቀደ እስከ 12 ወር ጄል ወይም እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊወርድ ይችላል። ፔቲት ላርሰኒ ክላስ 1 ሚስዲሚነር (ከፌሎኒ የሚያንስ ወንጀል) ነው፤ ጣሪያው 12 ወርና 2,500 ዶላር።

«ከ1,000 በታች ቀላል ነው» የሚለው አባባል የማይሠራባቸው ቦታዎች ግን ብዙ ናቸው። ከሰው ላይ፣ ማለትም ከኪስ ወይም ከእጅ፣ የተወሰደ ከሆነ 5 ዶላር ይበቃል። የጦር መሣሪያ ከሆነ ዋጋው ጨርሶ አይጠየቅም። የክሬዲት ካርድ ስርቆት በ18.2-192 መሠረት እንደ ግራንድ ላርሰኒ ነው የሚቀጣው፤ በካርዱ አንድ ሳንቲም ባይወጣም። ወድቆ የተገኘን ካርድ ለመጠቀም አስቦ ይዞ መቅረትም በዚሁ ድንጋጌ ይሸፈናል፤ ይሄ ጽሑፋችሁ ላይ በጉልህ ይግባ። ውሻ፣ ፈረስ ወይም ላም የሰረቀም ዋጋ ሳይቆጠር ፌሎኒ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ «ስርቆት» ተብሎ የማይጠራ ነገር በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ካሸር ሆኖ ከመሣቢያ የሚወስድ ሰው በ18.2-111 ይከሰሳል፤ መስመሩ ያው 1,000 ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛም እንዲሁ። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ቦርሳ ውስጥ መደበቅ፣ የዋጋ ወረቀት መቀያየር፣ የርካሹን ዕቃ ካርቶን ውስጥ ውዱን መክተት በ18.2-103 ከመስረቅ እኩል ናቸው። ገና በሩን ሳያልፍ፣ ሆን ብሎ መደበቁ ብቻ ለመስረቅ ማሰቡን እንደሚያሳይ ማስረጃ ይወሰዳል። «ገና አልወጣሁም ነበር» የሚለው መከላከያ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጠንካራ አይደለም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የሚቆጠረው ዕቃው በተወሰደበት ጊዜና ቦታ የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። ለአዲስ የሱቅ ዕቃ የተለጠፈው ዋጋ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ዕቃው ያን ቀን በ30 ከመቶ ቅናሽ ላይ ከነበረ ግን ማንኛውም ደንበኛ የሚከፍለው የቅናሹን ነው፤ 1,200 የተለጠፈበት ጃኬት 840 ነው ማለት ነው። ይሄ በራሱ ክሱን ከፌሎኒ ያወርደዋል። ታክስን በተመለከተ፣ መደብሮች ብዙ ጊዜ ዕቃዎቹን በማሽን አሳልፈው ታክስ ያለበት ደረሰኝ አትመው ለፖሊስ ይሰጣሉ። ድምሩ 1,040 ከሆነ በፌርፋክስ 6 ከመቶ ታክስ ሲነሳለት 981 ገደማ ይሆናል። ታክስ የዕቃው ዋጋ አካል አይደለም ብሎ መከራከር የጠበቃው ሥራ ነው፤ ለመከራከር ግን መጀመሪያ ደረሰኙን መስመር በመስመር ማየት አለበት። እንደዚህ ዓይነት ክስ ላይ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ያቺን ደረሰኝ ነው።

ቤተልሔም ሲልቨር ስፕሪንግ

የሜሪላንዱን ልጨምር። እዚህ አንድ መስመር ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ነው፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከ100 ዶላር በታች፣ እስከ 90 ቀን። ከ100 እስከ 1,500 ሳይደርስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 6 ወር፣ ከዚያ በኋላ ለሚደገም እስከ 1 ዓመት። 1,500 ሲሆን ፌሎኒ ይጀምራል፤ እስከ 25,000 ሳይደርስ 5 ዓመት፣ ከ25,000 እስከ 100,000 ሳይደርስ 10 ዓመት፣ 100,000ና ከዚያ በላይ 20 ዓመት። ከዚህ በፊት 4 ወይም ከዚያ በላይ የስርቆት ጥፋተኝነት ያለበት ሰው ግን ከ1,500 በታች ቢሆንም እስከ 5 ዓመት ይጠብቀዋል።

የሜሪላንድ ሕግ ዋጋን ራሱ ይተረጉመዋል፦ በወቅቱና በቦታው የነበረ የገበያ ዋጋ፤ እሱን ማወቅ ካልተቻለ የመተኪያው ወጪ። ከነጭራሹ ማወቅ ካልተቻለ ከ100 ዶላር በታች ተደርጎ ይወሰዳል። ይሄ የመጨረሻው ለተከሳሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋጋውን ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነውና።

መደመር ላይ ደግሞ ሜሪላንድ ጠንከር ትላለች። ድርጊቶቹ በአንድ ዕቅድ ወይም በተያያዘ አካሄድ የተፈጸሙ ከሆነ፣ ከአንድ ሱቅም ይሁን ከብዙ፣ ተደምረው እንደ አንድ ወንጀል ይከሰሳሉ። በየሳምንቱ 200 ዶላር የሚወስድ ሠራተኛ በስምንተኛው ሳምንት 1,600 ላይ ነው። መደብሮችም ይህን ያውቃሉ፤ ካሜራ ላይ ያዩትን ሰው ወዲያው ሳይዙ መዝገብ ከፍተው የሚጠብቁበት ጊዜ አለ።

ዲሲ አጭር ነው፦ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ አንደኛ ደረጃ ስርቆት፣ እስከ 10 ዓመት። ከዚያ በታች ሁለተኛ ደረጃ፣ እስከ 180 ቀን። በተከታታይ ዕቅድ የተፈጸመ ከሆነ እዚያም ይደመራል።

ሰብለ ከፎልስ ቸርች

እግዚአብሔር ይስጥልን! ጋሽ ጳውሎስ፣ በቨርጂኒያ መደመርና አብሮ መያዝ የሚለውን ዘለሉት መሰለኝ?

ጳውሎስ ፌርፋክስ

አዎ፣ እሱ ቀረኝ። በቨርጂኒያ በተለያየ ቀን የተደረገ ስርቆት በመሠረቱ ለየብቻው ይከሰሳል፤ የሚጠቃለለው ሁሉም በአንድ ሐሳብና በአንድ ዕቅድ የተደረገ መሆኑ ከተረጋገጠ ነው። ከጁላይ 2023 ጀምሮ ግን 18.2-103.1 የሚባል ድንጋጌ አለ። ከሌላ ሰው ጋር ተባብሮ፣ ለመሸጥ አስቦ፣ በ90 ቀን ውስጥ ድምሩ ከ5,000 ዶላር የሚያልፍ የሱቅ ዕቃ የሰረቀ ሰው በክላስ 3 ፌሎኒ ይከሰሳል፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት።

አብሮ መያዙ ደግሞ ሰዎች ጨርሶ የማይጠብቁት ነው። ሁለት ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው 600 ዶላር የሚያወጣ ልብስ ይዘው ቢያዙ፣ ለየብቻ ሲታይ ሁለቱም ፔቲት ላርሰኒ ናቸው። ተስማምተው መግባታቸው ከተረጋገጠ ግን በ18.2-23 መሠረት የሚታየው ድምሩ ነው፤ 1,200። ይሄ ከ1 እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ የሴራ ፌሎኒ ነው። ማስረጃው አብዛኛውን ጊዜ ከስልካቸው የሚወጣ መልእክት ወይም ለመደብሩ ጥበቃ የሰጡት ቃል ነው። «እሷ ናት የጠራችኝ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ራስን የምታድን ትመስላለች፤ ለዐቃቤ ሕጉ ግን ስምምነቱን አስረከበችው ማለት ነው።

ዮናስ የኢሚግሬሽን ጉዳይ

የመጨረሻውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ለኛ ሰው ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። የስቴቱ 1,000 ዶላር ለኢሚግሬሽን ሕግ ዋናው መስመር አይደለም። እዚያ የሚታዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ወንጀሉ ቢበዛ ስንት ሊያስቀጣ ይችላል፣ እና በተግባር ስንት ተፈረደ። የ20 ዶላር ሊፕስቲክም ቢሆን ስርቆት በአብዛኛው የሞራል ጉድለት ወንጀል ከሚባለው ምድብ ይገባል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ግሪን ካርድ ካገኘ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው 400 ዶላር የሚያወጣ ሽቶ በመውሰድ ጥፋተኛ ተባለ እንበል። ሕጉ የሚለው፣ ወደ አገሩ በሕጋዊ መንገድ ከገባ በ5 ዓመት ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ወንጀል ከፈጸመና ወንጀሉ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊያስቀጣ የሚችል ከሆነ ከአገር ሊባረር ይችላል ነው። አሌክሳንድሪያ ላይ ከሆነ የቨርጂኒያ ፔቲት ላርሰኒ ጣሪያው 12 ወር ስለሆነ ውስጥ ገባ፤ ዳኛው 50 ዶላር ብቻ ቢቀጣውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያው 6 ወር ነው፤ አይደርስበትም። ዲሲም 180 ቀን ነው፤ አይደርስበትም። አንድ ዓይነት ሽቶ፣ አንድ ዓይነት ሰው፣ የፖቶማክን ወንዝ መሻገር ብቻ ነው ልዩነቱ። ጽሑፋችሁ ላይ ሦስቱን ከተሞች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ፤ ከገጽ ሙሉ ማብራሪያ በላይ ይሠራል። ሁለት እንዲህ ያሉ ወንጀሎች ካሉ ግን፣ ከአንድ ዕቅድ የመነጩ እስካልሆኑ ድረስ፣ የ5 ዓመቱም የ1 ዓመቱም ገደብ አይሠራም፤ በማንኛውም ጊዜ ያስባርራል።

ቀጥሎ የቅጣቱ ርዝመት። የስርቆት ቅጣት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተፈረደ «አግራቬትድ ፌሎኒ» ሊባል ይችላል፤ ለጥገኝነት በሩን የሚዘጋው፣ ባለ ግሪን ካርዱንም ሊያስባርር የሚችለው እሱ ነው። እዚህ ላይ የገደብ ቅጣት ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። ቨርጂኒያ ውስጥ «12 ወር፣ 12ቱም በገደብ» የሚል ፍርድ በየቀኑ ይሰጣል፤ ሰውየው ጄል ሳይገባ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ደስ ብሎት። ለኢሚግሬሽን ግን 12 ወር ተፈርዶበታል። በ2014 ሪችመንድ ያለው የ4ኛው ወረዳ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የቨርጂኒያ ላርሰኒ ማታለልንም አጣምሮ ስለሚይዝ ከዚህ ምድብ ጋር አይገጥምም ብሎ ወስኗል። ጥሩ መከላከያ ነው። ነገር ግን የተያዘ ሰው ወደ ሌላ ስቴት ማቆያ ተወስዶ ጉዳዩ እዚያ ከታየ የሚሠራው የዚያ ወረዳ ሕግ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ውሳኔ ተማምኖ 12 ወር መቀበል አያዋጣም።

ሦስተኛው ቁጥር 6 ወር ነው። ሰውየው ሌላ እንዲህ ያለ ወንጀል ከሌለበት፣ ወንጀሉ ከአንድ ዓመት በላይ የማያስቀጣ ከሆነና የተፈረደው፣ ገደቡን ጨምሮ፣ ከ6 ወር ካልበለጠ «ጥቃቅን ወንጀል» የሚባለው ልዩ ሁኔታ ይጠብቀዋል። የቨርጂኒያ ፔቲት ላርሰኒ 12 ወር ስለሆነ እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ግራንድ ላርሰኒ 20 ዓመት ስለሚያስቀጣ አይገባም። የ1,000 ዶላሩ መስመር በኢሚግሬሽን በኩል ክብደት የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። ይህ ልዩ ሁኔታ የሚጠቅመው ከውጭ ሲመለሱ፣ ግሪን ካርድ ሲያመለክቱና ዜግነት ሲጠይቁ ነው። ለገና ወይም ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄዶ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲመለስ፣ ባለ ግሪን ካርዱ እንደ አዲስ መግቢያ ጠያቂ ሊታይ ይችላል። የፍርዱን ቅጂ ይዞ ጠበቃ ሳያማክር አገር ቤት መሄድ የለበትም።

ያለ ፍተሻ ድንበር አቋርጠው የገቡትን በተመለከተ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 የተፈረመው የሌከን ራይሊ ሕግ በስርቆት ወይም ከሱቅ ዕቃ በመውሰድ መታሰር ወይም መከሰስ ብቻ ለግዴታ እስር ይበቃል ይላል። ዋጋ አይጠይቅም፣ ፍርድም አይጠብቅም።

ሙሉ አስተርጓሚ

ከዮናስ ላይ ልቀጥል። «ዲፈርድ ዲስፖዚሽን» ወይም በሜሪላንድ «ፕሮቤሽን ቢፎር ጃጅመንት» ሲባል፣ ማለትም ዳኛው ፍርዱን አቆይቶ ሰውየውን በክትትል ሲያቆየው፣ ሰዎች ክሱ ጠፋ ብለው ይሄዳሉ። በስቴቱ መዝገብ ጥፋተኝነት ላይኖር ይችላል። ለኢሚግሬሽን ግን ሰውየው ጥፋተኛ ነኝ ካለ ወይም ለጥፋተኝነት የሚበቃ ፍሬ ነገር ካመነ፣ ዳኛውም ክትትል ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት ካዘዘ፣ ጥፋተኝነት አለ። በኋላ ክሱ ቢሰረዝም፣ መዝገቡ ቢዘጋም አይለወጥም። ጥፋተኝነት የማይባለው ያለ ምንም እምነት ቃል ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ሲያነሳ፣ ሜሪላንድ ላይ ክሱ ያለ ፍርድ እንዲቆም ወደሚደረግበት «ስቴት (stet) ዶኬት» ሲገባ፣ ወይም ከእምነት ቃል በፊት በሚደረግ ዳይቨርሽን (በክሱ ፈንታ በሚሰጥ ፕሮግራም) ሲያልቅ ነው።

ሌላው የመደብሩ ጓሮ ቢሮ ነው። ጥበቃዎቹ ሁለት ወረቀት ያቀርባሉ፤ አንዱ ድጋሚ እንዳትገባ የሚል ማስጠንቀቂያ፣ ሌላው «ይህንን ዕቃ ይህን ያህል ዋጋ ያለውን ወስጃለሁ» የሚል መግለጫ ነው። ሁለተኛውን የመፈረም ግዴታ የለም። የፈረመ ሰው ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን ዋጋውንም አምኗል፤ ከላይ ጋሽ ጳውሎስ የጻፉት የቅናሽና የታክስ ክርክር ይከብዳል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ከሆነ የሕግ ቢሮ «ይህን ያህል መቶ ዶላር ካልከፈልክ» የሚል ደብዳቤ ቤት ይመጣል። እሱ የፍትሐ ብሔር ጥያቄ ነው። መክፈሉ የወንጀል ክሱን አያስቀርም፤ ብዙ ሰው ከፍሎ ቀጠሮውን ይቀራል፣ ከዚያ የእስር ትእዛዝ ይወጣበታል።

በወንጀል ችሎት የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይመደባል። በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነው፤ ልጅ ወይም ዘመድ አስተርጓሚ አድርጎ መግባት አይቻልም ብላችሁ ጻፉ።

ከበደ ሲያትል

ጽሑፉ ወደ ሌላ ስቴት የሚላክ ከሆነ ቁጥሮቹን እንዳሉ አትተዉአቸው። እዚህ ዋሺንግተን ስቴት እስከ 750 ዶላር ሦስተኛ ደረጃ ነው፣ ከዚያ በላይ ፌሎኒ ይጀምራል። ከ2011 ጀምሮ የሚስዲሚነር ጣሪያ 364 ቀን ነው። ከአንድ ዓመት አንድ ቀን የቀነሱት ዮናስ ለጻፈው ችግር ሲባል ነው። ካሊፎርኒያ በ2015፣ ኒው ዮርክ በ2019፣ ሚኒሶታ በ2023 ተከትለዋል። መስመሩ በካሊፎርኒያ 950 ነው፣ በቴክሳስ 2,500፣ በሚኒሶታና በኒው ዮርክ ከ1,000 በላይ፣ በኒው ጀርሲ 200 ብቻ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ሁለት የቀደመ የስርቆት ጥፋተኝነት ያለበት ሰው ከ950 በታችም በፌሎኒ ሊከሰስ ይችላል።

አገር ቤት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665ና 669 ያደገ ሰው ይህ የቁጥር ነገር ግር ይለዋል። እዚያ ከባድ የሚያሰኘው የብሩ መጠን ሳይሆን የተሰረቀው ምንነትና አሰራረቁ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት መሆኑ፣ በቡድን መሆኑ።

ሰብለ ከፎልስ ቸርች

ብዙ ተማርኩ። የቀረኝ ያገለገለው ስልክ ነው፤ ደግሞም ተከሳሹ ጠበቃውን ምን ብሎ ይጠይቀው?

ጳውሎስ ፌርፋክስ

ስልኩ ባለቤቱ በገዛበት ዋጋ አይቆጠርም። ከሁለት ዓመት በፊት በ1,100 የተገዛ ስልክ ዛሬ ስክሪኑ ተሰንጥቆ 350 ላያወጣ ይችላል። ባለቤቱ ስለ ንብረቱ ዋጋ መመስከር ይችላል፤ የተገዛበት ዋጋም እንደ መነሻ ይቀርባል፣ እርጅናውና ጉዳቱ ግን ግምት ውስጥ መግባት አለበት። ተከሳሹ የስልኩን ትክክለኛ ሞዴል፣ የጊጋባይት መጠንና የነበረበትን ሁኔታ ለጠበቃው ይስጠው። ጠበቃው በዚያ ሰሞን ተመሳሳይ ስልክ የተሸጠበትን ዋጋ ያወጣል። የተሸጠበትን ነው፤ ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ምንም አያስረዳም።

ጊዜው ደግሞ አለ። ፌሎኒ ከሆነ መጀመሪያ በታችኛው ፍርድ ቤት፣ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ላይ፣ ቅድመ ምርመራ ይደረጋል። እዚያ ዳኛው ዋጋው 1,000 ይደርሳል ለማለት በቂ ምክንያት መኖሩን ያያል፤ ካልታየው ወደ ፔቲት ላርሰኒ ያወርደዋል። ዐቃቤ ሕጉም ለመደራደር ልቡ ክፍት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ክሱን ወደሚያጸድቀው ግራንድ ጁሪና ከበላይ ወዳለው ሰርኪዩት ኮርት ካለፈ በኋላ ይከብዳል፤ የዋጋው ማስረጃ ከዚያ ቀን በፊት እጅ ላይ ይሁን። ሚስዲሚነር ሆኖ የተፈረደበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ ሰርኪዩት ኮርት ከዜሮ ያየዋል።

ለጠበቃው የሚቀርበውን ጥያቄ እንዲህ ጻፉት፦ «ዜጋ አይደለሁም፤ ሁኔታዬ ይህ ነው፣ የገባሁት በዚህ ቀን ነው። ከመስማማቴ በፊት ቅጣቱ ገደቡን ጨምሮ ከ180 ቀን እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ክሱ ስርቆት ወዳልሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ያለ ፈቃድ ግቢ መግባት ወደሚለው 18.2-119፣ እንዲቀየር ይደራደሩልኝ።» በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፓዲያ መዝገብ እንደወሰነው፣ የእምነት ቃል በኢሚግሬሽን ላይ የሚያመጣውን ማስረዳት የወንጀል ጠበቃው ግዴታ ነው፤ መንግሥት የመደበለት ጠበቃም ቢሆን። ጥያቄውን በእንግሊዝኛም ተርጉማችሁ ከሥሩ አስቀምጡት፣ ሰውየው ቆርጦ ለጠበቃው እንዲሰጠው።